«ልጄ ኳሱን አይነካም፤ ታዲያ ሜዳው ላይ ምን ይሠራል?»

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስፖርት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ በሃይስኩሉ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ሆኖ ይጫወታል። አርብ ማታ ከሥራ እየሮጥኩ ሄጄ አየዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ኳስ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ሰው ይከመራል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ከክምሩ ሥር እሱ ይነሳል፤ በቃ ይኸው ነው። የእህቴ ባል «ዛሬስ ስንት አገባህ?» እያለ ያበሽቀዋል። አሰልጣኙ ግን «ይህ ልጅ ባይኖር መከላከላችን ይፈርሳል» አለኝ። እያጽናናኝ ነው ወይስ የምሩን ነው? ልጁ አሁን ሰው የሚያየኝ ቦታ ልሂድ፣ ራኒንግ ባክ (ኳሱን ይዞ የሚሮጠው አጥቂ) ልሁን እያለ ያስቸግረኛል። ምን ልበለው? ደግሞም ሳልደብቅዎ፣ ጭንቅላቱን ፈርቼለታለሁ።
የልጁ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ የምሩን ነው። አሰልጣኝ ወላጅ የሚያባብለው ልጁን ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው ነው፤ በየሳምንቱ የሚያሰልፈውን ልጅ እናት ማባበል ምን አስቸግሮት!

ለእህትዎ ባል በሂሳብ ይመልሱለት። አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል ይሰጠዋል። አራተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን አርቆ ለመምታት ስለሚያውለው፣ ከልቡ የሚቆጥረው ሦስቱን ነው። በመጀመሪያው ዕድል ሯጩ ስድስት ያርድ ከሄደ የሚቀረው አራት ብቻ ነው። አራት ያርድ በሩጫም ይገኛል፣ በውርወራም ይገኛል፤ ተከላካዩ የቱን እንደሚጠብቅ ግራ ይገባዋል። ልጅዎ ሯጩን ሁለት ያርድ ላይ ከጣለው ግን ስምንት ይቀራል። በሁለተኛውም ዕድል እንዲሁ ሁለት ላይ ካስቀረው፣ ለሦስተኛው ስድስት ይተርፋል። ያን ጊዜ ኳሱ እንደሚወረወር ፋንዲሻ የሚሸጠው ልጅ እንኳ ያውቃል። በመከላከሉ መስመር ዳር ላይ የቆመው ግዙፉ ልጅ ስለ ሩጫው ሳያስብ ቀጥታ ወደ ኳርተርባኩ (ኳሱን ወደሚወረውረው ልጅ) ይሮጣል፣ ይጥለዋል፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳል፣ በድምፅ ማጉያውም የዚያ ልጅ ስም ይጠራል። ያንን ሳክ (ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መጣል) ያመጡት ግን ማንም ያላጨበጨበላቸው የቀደሙት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። የልጅዎ ሥራ በሌላ ልጅ ስም ይመዘገባል ማለት ነው።

የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ሳክን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1982 ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። «ታክልም (ኳስ የያዘን ሰው መጣል) እኮ ይቆጠራል» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ይቆጠራል፤ ነገር ግን ሯጩን ሁለት ያርድ ላይ የጣለውም አንድ፣ አሥራ ሁለት ያርድ አስሮጦ የጣለውም አንድ ተብሎ ነው። እንዲያውም ደካማ መከላከል ያለው ቡድን ሜዳ ላይ ብዙ ስለሚቆይ የታክሉ ቁጥር ይበዛል። ከዚህም የባሰው ደግሞ ምርጥ ሥራው ጨርሶ ቁጥር የሌለው መሆኑ ነው። ላይንባከሩ መንገድ ሊከፍት የመጣውን ግዙፍ ሰው በትከሻው ተቀብሎ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ሯጩ መግቢያ ሲያጣ ወደ ጎን ይዞራል፤ እዚያ የቆመው ጓደኛው ይጥለዋል። ታክሉ ለጓደኛው ተጻፈ። ለልጅዎ የሚተርፈው የትከሻ ሕመም ነው።

የሚመጣው አርብ እንዲህ ያድርጉ። አንዱን የማጥቃት ዙር በሙሉ ኳሱን ይተዉትና ልጅዎን ብቻ ይዩ። ከፊቱ ትልልቆቹ ልጆች ተደፍተው ይቆማሉ፤ እሱ ከእነሱ አራት አምስት ያርድ ኋላ ነው። ኳሱ ሳይነሳ በፊት እጁ ሲጠቁም፣ አፉ ሲጮህ ያያሉ። ታይት ኤንዱ (ከአጥቂው መስመር ጫፍ የሚቆመው፣ ኳስም የሚቀበለው) በየትኛው ወገን እንደቆመ፣ ሯጩ ቦታ መቀየሩን፣ ማን ማንን እንደሚይዝ እየተናገረ ነው። ኳሱ ሲነሳ ዓይኑ ኳሱ ላይ እንዳይመስልዎ። ብዙዎቹ አሰልጣኞች በፊት ለፊት ያለውን ጋርድ (ከአጥቂው መስመር ጠባቂዎች አንዱን) እንዲያይ ያስተምሩታል። ጋርዱ ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ከገፋ ሩጫ ነው፤ ቀና ብሎ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ውርወራ ነው፤ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጎን ከሮጠ ኳሱም ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ነው። ይህን ሁሉ አንብቦ የመጀመሪያዋን እርምጃ የሚረግጠው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። እርምጃዋ ትክክል ከሆነች የቀረው ቀላል ነው። ካልሆነች ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይደርስም።

ማታለያም አለ። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ የሰጠ መስሎ ይዞ ይቀራል፤ ፕሌይ አክሽን ይሉታል። ያልበሰለ ላይንባከር ይህን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይዘላል፤ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ ኳሱም እዚያ ይወርዳል። ሕዝቡ የሚሰድበው ከኋላ ሆኖ የሚያባርረውን ምስኪን ሴፍቲ (የመጨረሻውን ተከላካይ) ነው። ረጋ ያለው ላይንባከር ግን ቦታውን አይለቅም። ኳርተርባኩ ቀና ብሎ ያይና ክፍት ሰው ሲያጣ ኳሱን ከሜዳ ውጭ ይወረውረዋል። በመዝገቡ ላይ «ያልተሳካ ውርወራ» ተብሎ ይጻፋል፤ ተመልካቹም ምንም እንዳልተፈጠረ ያህል ስልኩን ማየት ይጀምራል።

እኔ በዚህ ቦታ ላይ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን መርጋት ነው። በመስመሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ክፍተት ባለቤት አለው። የራሱን ክፍተት ትቶ ኳሱን የሚያድን ልጅ አንድ ቀን ሯጩን ከመስመሩ ጀርባ ጥሎ ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል፤ በሌላው ቀን በተወው ክፍተት አርባ ያርድ ይሮጡበታል። አሰልጣኞች እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ለአንድ ጨዋታ ይወዱታል፣ ለአንድ የውድድር ዘመን ግን አያምኑትም።

ጩኸቱን ቀለል አድርገው አይዩት። በኤንኤፍኤል ከ2008 ጀምሮ ከተከላካዮቹ አንዱ የራስ ቁሩ ውስጥ የአሰልጣኙን ድምፅ የሚሰማበት መሣሪያ አለው፤ ከቁሩ ኋላ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ምልክቱ ናት። ነጥቧን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጋት ላይንባከሩ ነው። ድምፁ ኳሱን ለማስነሳት ከተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ አጥቂው አሰላለፉን ከቀየረ አሥሩን ሰው የሚያስተካክለው እሱ ብቻውን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹም በትልቁ ምድብ በ2024 ፈቅደውታል። በሃይስኩል ሬዲዮው የተለመደ አይደለም። አሰልጣኙ ከዳር ሆኖ በእጁ ምልክት ያሳያል፣ ልጅዎ ያነባል፣ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን ኃላፊነት በየጨዋታው ይሸከማል፤ ለእህትዎ ባል ይህንንም ይንገሩልኝ።

ለልጅዎ ደግሞ የለንደን ፍሌቸርን ታሪክ ይንገሩት፤ እዚሁ ሰፈራችን የተጫወተ ሰው ነው። የክሊቭላንድ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው በቅርጫት ኳስ ነበር። ኋላ ጆን ካሮል ወደሚባል፣ በስፖርት ነፃ ትምህርት ወደማይሰጥበት የሦስተኛ ምድብ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ1998 በድራፍቱ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) ማንም አልመረጠውም፤ ለላይንባከር አጭር ነው ተባለ። በሴንት ሉዊስ ራምስ፣ በቡፋሎ፣ ከዚያም ከ2007 እስከ 2013 በዋሽንግተን ተጫወተ። በአሥራ ስድስት የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ አላመለጠውም፤ 256 ጨዋታ በተከታታይ። ፉትቦል ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚጋጭ ላየ ይህ ቁጥር የሚታመን አይደለም።

በዚያ ዘመን እኔ ዲሲ ውስጥ ታክሲ እነዳ ስለነበር የእሁዱን ጨዋታ የምከታተለው በሬዲዮ ነው። በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ኳሱን ይከተላል፤ በሬዲዮ የሚያዳምጥ ግን የሚደርሰው ስም ነው። ማን ሮጠ፣ ስንት ያርድ ሄደ፣ ማን ጣለው። ፍሌቸር ጣለው። ደንበኛ ናሽናል ኤርፖርት አድርሼ ስመለስም ፍሌቸር ጣለው። ቡድኑ እየተሸነፈም (ያን ጊዜ ብዙ ይሸነፍ ነበር) ፍሌቸር ጣለው። በሬዲዮው ላይ ተንታኝ የነበረው ሽማግሌው ሳም ሃፍ ራሱ ስመ ጥር ላይንባከር የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሌላው ተንታኝ የሚዘለውን እሱ ያያል። ተሳፋሪዎቼ ግን ሲወርዱ የሚጠይቁኝ ስለ ኳርተርባኩ ነበር። ቤቴ ገብቼ በቴሌቪዥን የጨዋታውን ቅንጭብ ሳይ፣ ቀኑን ሙሉ ስሙን ስሰማው የዋልኩት ሰውዬ ለሦስት ሰከንድ እንኳ አይታይም።

ፍሌቸር ለፕሮ ቦውል (ለኮከቦቹ ጨዋታ) ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በ2009 የውድድር ዘመን፣ በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በ2011 በ166 ታክል የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ዕድሜው ያኔ ሠላሳ ስድስት ነው። ከ2019 ጀምሮ ለዝና አዳራሽ መታጨት ይችል ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ድምፅ ሰጪዎቹ አለፉት። ለእኔ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ራኒንግ ባክ መሆን ስላማረው ልጅዎ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለኝ። ጥር 30 ቀን 2000፣ አትላንታ፣ ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ። ራምስ ቴነሲን 23 ለ16 ይመራል። ስድስት ሰከንድ ቀርቷል፤ ቴነሲ አሥር ያርድ ላይ ነው። ማይክ ጆንስ የሚባል የራምስ ላይንባከር ታይት ኤንዱን ተከትሎ ወደ ጎሉ መስመር ይሮጣል። በመሃል ዓይኑን መለስ ሲያደርግ ኬቨን ዳይሰን ወደ ውስጥ ሲቆርጥ አየው። የያዘውን ሰው ትቶ ዞረ፤ ዳይሰን ኳሱን ተቀብሎ ሲዘረጋ እግሩን ይዞ ጣለው። አንድ ያርድ ጎደለው፤ ጨዋታው አለቀ። ማይክ ጆንስ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው ራኒንግ ባክ ሆኖ ነው፤ በ1991 ድራፍት ማንም ስላልመረጠው ነው ኋላ ላይንባከር ያደረጉት። ሯጭ የት እንደሚቆርጥ ማወቁ ሳይጠቅመው አልቀረም እላለሁ። የዕለቱ ኮከብ የተባለው ግን ኳርተርባኩ ከርት ዋርነር ነው። ፍሌቸርም ያን ቀን በዚያው መከላከል መሃል ነበረ።

ስለዚህ ልጅዎን አይከልክሉት፣ አይገፋፉትም። በልምምድ ሁለቱንም ይሞክር፤ በሃይስኩል ሁለት ቦታ የሚጫወት ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ካሰበ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ልጆቹ ለአሰልጣኞች የሚልኩት ቪዲዮ ከባድ ግጭት ግጭቱ ብቻ ተቆርጦ የተቀጣጠለ ነው። ላይንባከር የሚፈልግ አሰልጣኝ ሙሉ ጨዋታ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ማየት የሚፈልገው ልጁ ኳሱ ወደ ሌላ ወገን ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ነው። ሁለት ሙሉ ጨዋታ ከቅንጭቡ ጋር ይላክ።

ጭንቅላቱን መፍራትዎ ትክክል ነው፤ «አይዞሽ፣ ምንም አይሆን» የሚልዎትን ሰው አይስሙ። ሉክ ኪክሊ የሚባል የካሮላይና ላይንባከር፣ በ2013 የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የተባለ፣ ከተደጋጋሚ የጭንቅላት መናወጥ በኋላ በ2020 መጀመሪያ ላይ በሃያ ስምንት ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በሜሪላንድ ሕግ የጭንቅላት መናወጥ የተጠረጠረበት ተማሪ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። ችግሩ ልጆቹ ይደብቃሉ። ቤት ሲገባ «አሸነፋችሁ?» ከማለትዎ በፊት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት እንዳለው ይጠይቁት። ሲጥል ጭንቅላቱን ደፍቶ ከሆነ የሚያዩት ደግሞ ለአሰልጣኙ ይናገሩ፤ ቀና ብሎ በትከሻ መጣል የሚማሩት ነገር ነው፣ የማያስተምር አሰልጣኝ ካለ እዚያ ሜዳ ላይ ልጅዎ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ የማውቀው የእኛን እግር ኳስ ነው። ሥራ ቦታ ላይ ፈረንጆቹ ስለ ላይንባከር ሲያወሩ የገባኝ ተከላካይ አማካይ ማለታቸው ነው። እንደ ማኬሌሌ። ልክ ነኝ?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ በአንድ ነገር ልክ ነህ፣ ወንድሜ። በ2003 ሪያል ማድሪድ ቤካምን ባመጣበት በዚያው ክረምት ማኬሌሌን ለቼልሲ ለቀቀው፤ ቀጥሎ የሆነውን አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ሚዛኑ ላይ የሚቀለው ሰው ሲሄድ ነው የሚከብደው፤ በዚህ ይመሳሰላሉ። በየዓመቱ በጁላይ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን ፌዴሬሽን ውድድር ላይም ብትሄድ፣ ከጨዋታው በኋላ ስለ ስድስት ቁጥሩ የሚያወራ ሰው ካገኘህ አስተዋውቀኝ።

ሥራቸው ግን አይገናኝም። አማካዩ ኳስ ይነጥቃል፣ ያቀብላል፣ ጨዋታውን ያረጋጋል፤ ኳሱ የእሱም ነው። ላይንባከር ኳሱን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢነካ ጥሩ ዓመት ነው። ሌላው ደግሞ ፉትቦል በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል፤ በእያንዳንዱ አፍታ እንደ አዲስ ትእዛዝ ይመጣል፣ እንደ አዲስ አሰላለፍ ይነበባል። አማካይ ተሳስቶ ሮጦ ሊያስተካክል ይችላል። ላይንባከር ጊዜ የለውም። ሥራ ቦታ ላይ ማነጻጸር ካስፈለገህ አምበሉን፣ ተከላካዩን መስመር የሚያስተካክለውን የመሃል ተከላካይ ጨምርበት፤ ሁለቱ ተደምረው ወደ እውነቱ ትንሽ ይቀርባሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የሲያትል ሰው ነኝ፤ ላይንባከሩን ቦቢ ዋግነርን እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ላይንባከር ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ክለቦቹ ለምን ገንዘቡን አይከፍሉትም? ነጋዴዎች ናቸው እኮ፣ ዝም ብለው አይሳሳቱም።
ከሲያትል

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አንተም ነጋዴ ሳትሆን አትቀርም። ቁጥሩን እንየው። በ2025 የሳን ፍራንሲስኮው ላይንባከር ፍሬድ ዋርነር ለሦስት ዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በዓመት 21 ሚሊዮን፣ በእሱ ዓይነት ቦታ ያኔ ከፍተኛው። በዚያው ዓመት ኳርተርባክ የሚያሳድደው ማይካ ፓርሰንስ ከግሪን ቤይ ጋር ለአራት ዓመት 188 ሚሊዮን ፈረመ፤ በዓመት 47 ሚሊዮን። ከእጥፍ በላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቅድም የጠቀስኩት ሳም ሃፍ የኒው ዮርክ ጃይንትስ መሃል ላይንባከር ሆኖ በ1959 የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቷል። ቶም ላንድሪ የሚባለው አሰልጣኝ ያዘጋጀው መከላከል መሃል ላይ ያለውን አንድ ሰው ማዕከል ያደረገ ስለነበር፣ ሕዝቡ መከላከልን ስሙን ጠርቶ ማድነቅ የጀመረው ያኔ ነው። ዘመኑ ግን የሩጫ ዘመን ነበር። በ1978 ሊጉ ኳስ ተቀባዮችን መግጨት የሚገድብ፣ ኳርተርባክ ጠባቂዎችም እጃቸውን ዘርግተው እንዲከላከሉ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ፤ ውርወራ በረከተ። ተቀባዩ ሲበዛ ተከላካዩም ፈጣን ሰው ጨመረ፤ ቦታውን የለቀቀው ሦስተኛው ላይንባከር ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ የምታየው ሁለት ነው። ስለዚህ ክለቦቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ኳርተርባክ የሚጥል ሰው በእርግጥም ብርቅ ነው።

የማልቀበለው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሐሳብ ነው፤ «ላይንባከር የትም ይገኛል» የሚለውን። ሁለት ሲቀሩ የእያንዳንዳቸው ሸክም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሩጫውንም መዝጋት፣ ታይት ኤንዱንም መያዝ፣ አሥሩንም ማዘዝ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ባልቲሞር ይህን ያውቃል። በ2022 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ላይንባከሩን ሮክዋን ስሚዝን ከቺካጎ አመጣው፤ የከፈለው አንድ የሁለተኛ ዙርና አንድ የአምስተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ፣ አንድ ተጫዋችም ጨምሮ ነው። ጥቂት ወር አይቶት በጥር የአምስት ዓመት የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። የስመ ጥሩው ላይንባከር የሬይ ልዊስ ከተማ ስለሆነ ይሆናል ዓይናቸው የተከፈተው።

ፊላደልፊያ ደግሞ በርካሽ አገኘው። ዛክ ቦን በኒው ኦርሊንስ ዳር ላይ ተሰልፎ ብዙም ያልታየ ሰው ነበር። በ2024 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ወሰዱት፤ ቪክ ፋንጂዮ የተባለው አሰልጣኝ ወደ መሃል አስገባው። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተመረጠ፤ በሱፐር ቦውሉም ከተጋጣሚው ኳርተርባክ ከማሆምስ ኳስ ጠለፈ፣ ዋንጫውን በሉ። በማግስቱ ዓመት 51 ሚሊዮን ለሦስት ዓመት ከፈሉት። ከ3.5 ሚሊዮን እስከ 17 ሚሊዮን በዓመት፤ ሰውየው ያው ሰው ነው። ገበያው አይሳሳትም የምትለኝ ይህን እያየህ ነው?

የአንተው ዋግነርም እዚህ መጥቶ ነበር። በ2012 በሁለተኛው ዙር 47ኛ ሆኖ የተመረጠ ልጅ፣ ሲያትል ላይ ዋንጫ በልቶ፣ በ2024 በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ዋሽንግተን ገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈው ቡድን በዚያ ዓመት 12 አሸነፈ፤ ለኮንፈረንስ ፍጻሜም (ከሱፐር ቦውል አንድ እርከን በፊት) ደረሰ። ድሉን ያመጣው ላይንባከር ነው ብል ራሴን አስቅበታለሁ፤ ወጣቱ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ነው። ነገር ግን አሰልጣኙ ዳን ክዊን ሲያትል እያለ ዋግነርን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ አዲስ ቤት ሲገባ በቅድሚያ ከጠራቸው አንዱ እሱ መሆኑ ክፍያው የማይነግርህን ይነግርሃል። እሱም ሁሉንም ጨዋታ ተሰለፈ፤ 132 ታክል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ፋንታሲ ፉትቦል (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ በሜዳ ውጤታቸው ነጥብ መሰብሰብ) እንጫወታለን። ጥሩ ላይንባከር ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ?
ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ በመጀመሪያ ደንባችሁን እይ። በአብዛኞቹ ፋንታሲ ሊጎች ላይንባከር የሚባል ምርጫ ጭራሽ የለም፤ አሥራ አንዱ ተከላካይ በአንድ ላይ «ዲፌንስ» ተብሎ ይወሰዳል፣ ኳርተርባኩና ሯጩ ግን በስማቸው። ተከላካይን በስም የምትመርጡበት ሊግ ከሆነ ግን ታክል ነጥብ ስላለው፣ ደካማ ቡድን ውስጥ የሚጫወት፣ የማይቀየርና የማይጎዳ ላይንባከር ፈልግ። ጓደኞችህ መጀመሪያ ሳክ ያላቸውን ይሻማሉ፤ አንተ ዘግይተህ ውሰደው። የምትጫወቱት በገንዘብ ከሆነ ደግሞ እኔ ምንም አልመከርኩህም።